ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ፦ ጀማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ጌሙን ገና ላወረዱ፣ ወይም ከፍተው «አሁን ምን ላድርግ?» ብለው ለቆሙ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ሩንስኬፕ ምን ዓይነት ጌም ነው?

ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ የሚገባበት ሰፊ ዓለም ነው፤ ስሙም ጊሊኖር ይባላል። የራሳችሁን ሰው ፈጥራችሁ ትገቡና ዓሣ ታጠምዳላችሁ፣ ማዕድን ትቆፍራላችሁ፣ ጥሩር ትቀጠቅጣላችሁ፣ ከጭራቅ ትዋጋላችሁ፣ ያፈራችሁትን ገበያ አውጥታችሁ ትሸጣላችሁ። አንዳንዱ ከዘንዶ ሲታገል ይውላል፣ አንዳንዱ ወንዝ ዳር ቁጭ ብሎ ዓሣ እያጠመደ ከጓደኛው ጋር ያወራል። ሁለቱም ጌሙን በትክክል እየተጫወቱ ነው።

ሥራውን የጀመረው እንግሊዛዊው አንድሪው ጋወር ከወንድሙ ከፖል ጋር ነው። ጃንዋሪ 4 ቀን 2001 ለሕዝብ ተከፈተ። የሚያስተዳድረው ኩባንያ ጃጌክስ ሲሆን መቀመጫው ካምብሪጅ ነው። ያኔ በብራውዘር ውስጥ ስለሚሠራ ኃይለኛ ኮምፒውተር አይጠይቅም ነበር፤ ያ ቀላልነቱ እስከ ዛሬ አልተለየውም።

«ኦልድ ስኩል» ከሌላው ሩንስኬፕ በምን ይለያል? የትኛውን ላውርድ?

የአንድ ኩባንያ ሁለት ጌሞች ናቸው። አንዱ ላይ ያፈራችሁት ዕቃም ሆነ ሌቭል ወደ ሌላው አይሻገርም። መለያየቱ የመጣው በኖቬምበር 2012 ነው። ጃጌክስ የውጊያውን ሥርዓት ከሥር መሠረቱ ሲቀይረው ብዙ የቆዩ ተጫዋቾች አዝነው ሄዱ። በኋላ ኩባንያው የኦገስት 2007 የጌሙ ቅጂ እጁ ላይ እንዳለ ገልጾ «ልክፈተው ወይ?» ሲል ለድምፅ አቀረበ፤ ወደ 450,000 የሚጠጋ ድምፅ ተሰጠ። ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2013 የተወለደው በዚህ መንገድ ነው።

ለጀማሪ የምመክረው ኦልድ ስኩልን ነው። ሥዕሉ ያረጀ ይመስላል፤ ሰዎቹ ፊታቸው ሣጥን ነው። ግን ስልክ ላይ እንደ ልብ ይሄዳል፣ ውጊያው ለመረዳት ቀላል ነው፣ በገንዘብ የሚገዛ የዕድል ሣጥንም የለውም። ከጎናችሁ ያለው ሰው ዘንዶ የገደለበትን ሰይፍ ስታዩ የለፋበት መሆኑን ታውቃላችሁ። ስታወርዱ ስሙን አስተውሉ፤ «ኦልድ ስኩል» የሚለው ቃል ከሌለበት ሌላኛው ጌም ነው።

በነጻ ነው ወይስ ይከፈላል?

በነጻ መጀመር ይቻላል፣ የጊዜ ገደብም የለበትም። በነጻው ክፍል ከ24ቱ ስኪሎች (የሰውየው ሙያዎች) 15ቱን ታገኛላችሁ፤ ውጊያ፣ አስማት፣ ቀስት፣ ዓሣ ማጥመድ፣ ማብሰል፣ ማዕድን፣ ብረት ሥራ፣ እንጨት ቆረጣ፣ ሌሎችም። ከተሞቹ ላምብሪጅ፣ ቫሮክ፣ ፋላዶር፣ አል ካሪድ ክፍት ናቸው። ሜምበር (ከፋይ አባል) ሲሆኑ የካርታው አብዛኛው ክፍል፣ ቀሪዎቹ ስኪሎችና የክዌስቶቹ (ታሪክ ያላቸው ተልእኮዎች) ብዛት ይከፈታል።

ሳትቸኩሉ ቢያንስ ለአንድ ወር በነጻው ቆዩ። ገና ባንክ ቤቱን የማያውቅ ሰው ሜምበር ሲሆን በምርጫ ብዛት ይዋጣል፤ የከፈለበት ቀንም በከንቱ ያልቃል።

ስልኬ ይችለዋል? ዳታስ ይበላል?

የስልኩ ስሪት የወጣው ኦክቶበር 30 ቀን 2018 ነው፤ አንድሮይድም አይፎንም ላይ ይሠራል። ከሁሉ የሚያስደስተው ስልክና ኮምፒውተር አንድ አካውንት መጋራታቸው ነው። ጠዋት ታክሲ ውስጥ በስልክ የጀመራችሁትን እንጨት ቆረጣ ማታ ቤት በኮምፒውተር ከዚያው ዛፍ ሥር ትቀጥላላችሁ።

ከባዱ ነገር ማውረዱ ነው፤ እሱን ዋይፋይ ያለበት ቦታ ጨርሱት። ከዚያ በኋላ ስልኩና ሰርቨሩ የሚለዋወጡት ጥቃቅን መልእክት ስለሆነ ቪዲዮ ከማየት ጋር አይወዳደርም። የእኛ ትልቁ ችግር ዳታ ሳይሆን መቆራረጥ ነው። መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲሄድ ውጊያ ላይ ከነበራችሁ ሰውየው ወዲያው ከጌሙ አይወጣም፤ ለተወሰነ ጊዜ እዚያው ቆሞ ይመታል። ስለዚህ ኔትወርኩ በሚንቀጠቀጥበት ቀን አደገኛ ጭራቅ አትንኩ። የዓሣ፣ የእንጨት፣ የማብሰል ቀን አድርጉት።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ ይከብደኛል?

ክዌስቶቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ረጃጅም ንግግሮች አሏቸው። ግን ንግግሩ ተጭናችሁ እስክታልፉት ድረስ ይጠብቃችኋል። ሰዓት የሚቆጥር የለም፤ መዝገበ ቃላት ከፍቶ መመለስ ይቻላል። ስኪሎቹ ደግሞ ከቃል ይልቅ በሥዕል የሚገቡ ናቸው፤ ዛፍ ትነካላችሁ፣ ሰውየው መጥረቢያውን ያነሣል።

ቻቱ የግዕዝ ፊደል አይቀበልም። ሐበሾች ሲገናኙ አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የሚጽፉት። ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር በዕቃና በዋጋ ማውራት የጀመረ ልጅ በጥቂት ወራት ውስጥ የገበያ እንግሊዝኛ ሲያቀላጥፍ አይቻለሁ፤ ይህን ለወላጆች ጭምር በድፍረት እናገራለሁ።

የትኛውን ወርልድ ልምረጥ? ጓደኛዬ ሌላ አገር ነው።

ወርልድ ማለት የዚያው ዓለም ቅጂ ነው። ካርታው አንድ ነው፤ አካውንታችሁም ሁሉም ላይ ይሠራል። ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው መግባት ትችላላችሁ፤ የምትለዋወጡትም በደቂቃ ውስጥ ነው። ዝርዝሩ ላይ ከእያንዳንዱ ወርልድ ጎን የአገር ባንዲራ አለ። ከኢትዮጵያ ለሚጫወት ብዙ ጊዜ የእንግሊዝና የጀርመኖቹ ከአሜሪካዎቹ የተሻለ ይፈጥናሉ። ሁለቱንም ሞክራችሁ ያልተንቀራፈፈውን ያዙ።

አዲስ አበባ፣ ሪያድና ሚኒያፖሊስ ያሉ ሦስት ጓደኛሞች መገናኘት ከፈለጉ የወርልዱን ቁጥር ተነጋግረው መግባት ብቻ ነው። ከሦስቱ አንዱ በነጻ የሚጫወት ከሆነ የነጻ ወርልድ ምረጡ፤ ሜምበር የሆነ ሰው ነጻው ውስጥ መግባት ይችላል፣ ነጻው ግን ወደ ሜምበሮቹ አይገባም። ወርልድ ስትመርጡ ከቁጥሩ አጠገብ ያለችውን ጽሑፍም አንብቡ። አንዳንዱ ለውጊያ የተለየ ነው፤ እዚያ እንደ ባንክ ካሉ ጥቂት ቦታዎች በቀር ሌላ ተጫዋች ሊገድላችሁ ይችላል።

ላምብሪጅ ደርሻለሁ፤ አሁንስ ምን ላድርግ?

መማሪያ ደሴቲቱን ጨርሳችሁ ላምብሪጅ ስትወድቁ ማንም «ይህን አድርግ» አይላችሁም። ብዙ ሰው ጌሙን የሚተወውም እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን እኔ ልንገራችሁ።

ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ወደ ማድ ቤት ግቡና ወጥ ቤቱን አነጋግሩ። ለመስፍኑ ልደት ኬክ መጋገር አለበት፤ ግን እንቁላል፣ ወተትና ዱቄት የለውም። እንቁላሉን ከዶሮዎቹ ግቢ ታነሣላችሁ፣ ወተቱን ላሟን ታልባላችሁ፣ ስንዴውን ለቅማችሁ ወፍጮ ቤት ወስዳችሁ ታስፈጫላችሁ። ሽልማቱ 300 የማብሰል ኤክስፒ (ሌቭል የሚያሳድግ የልምድ ነጥብ) እና አንድ የክዌስት ነጥብ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን በዚህች ሥራ የከተማውን ግማሽ በእግራችሁ ዞራችሁ አውቃችሁታል። ዶሮዎቹ ዘንድ ሳላችሁ ጥቂቶቹን ግደሉ፣ ላባቸውን አትጣሉ፣ አጥንታቸውን ቅበሩ፤ አጥንት መቅበር የጸሎት ስኪል ያሳድጋል።

ቀጥሎ ከቫሮክ በስተ ምዕራብ ባርባሪያን ቪሌጅ የሚባለው መንደር ውስጥ ወዳለው ዋሻ ሂዱ። አራት ደርብ ወደ ታች ይወርዳል። በሮቹ ላይ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ስለ አካውንት ደኅንነት ናቸው፤ በትክክል የመለሰ በድምሩ 10,000 ሳንቲምና አንድ ጫማ ይዞ ይወጣል። ለጀማሪ ትልቅ ገንዘብ ነው። ከላይ ያሉት ጭራቆች ቀላል ናቸው፤ ከታች ያሉት ግን ይከብዳሉ፤ ምግብ ይዛችሁ፣ ሳትዋጉ እየሮጣችሁ እለፉ።

ክዌስት ይሻላል ወይስ ቁጭ ብሎ ስኪል ማሳደግ?

መጀመሪያ ላይ ክዌስት፤ በዚህ አልጠራጠርም። አንድ ምሳሌ፦ የድንኩ የዶሪክ ክዌስት ስድስት ሸክላ፣ አራት የመዳብ ማዕድንና ሁለት የብረት ማዕድን ይጠይቃል። ሽልማቱ 1,300 የማዕድን ኤክስፒ ነው፤ ከሌቭል 1 አንሥቶ 10 ያደርሳችኋል። ድራይኖር የሚገኘው የቫምፓየር ክዌስት ደግሞ 4,825 የጥቃት ኤክስፒ ይሰጣል፤ ያ ብቻውን ከ1 ወደ 20 ያደርሳል። ቫምፓየሩ ለጀማሪ ኃይለኛ ስለሆነ ነጭ ሽንኩርት፣ መዶሻና በቂ ምግብ ሳትይዙ አትውረዱ።

የሌቭሉ አወጣጥ ዳገት ነው። ሌቭል 99 ለመድረስ 13,034,431 ኤክስፒ ያስፈልጋል። የዚህ ግማሽ የሚሞላው 50 ላይ ይመስላችሁ ይሆናል፤ የሚሞላው 92 ላይ ነው። የመጨረሻዎቹ ሰባት ሌቭሎች ከእነሱ በፊት የነበሩትን ሁሉ ያህል ድካም ይጠይቃሉ ማለት ነው። ስለዚህ 99 የደረሰ ሰው ካባ ለብሶ ስታዩ አክብሩት፤ እናንተ ግን ገና በሁለተኛው ሳምንት ያንን አታሳድዱ። እስከ 40 እና 50 ያለው መንገድ ፈጣን ነው፣ በዚያ ላይም ብዙ በር የሚከፈተው እዚያ ነው። ሎብስተር የሚጠመደው 40 ላይ፣ ሶርድፊሽ 50 ላይ ነው፤ ሩን ከሚባለው ብረት የተሠራ ሰይፍ የሚያዘውም ጥቃታችሁ 40 ሲሞላ ነው።

የትኛውን መሣሪያ ልያዝ?

ጎራዴ። ጌሙ ውስጥ ሲሚታር ይባላል፤ አል ካሪድ ውስጥ ከነሐስ እስከ ሚትሪል የሚሸጥ ሱቅ አለ። ከላምብሪጅ ወደዚያ የሚያስገባው በር ላይ 10 ሳንቲም ያስከፍሏችኋል። ረጅሙ ሰይፍና ባለ ሁለት እጁ ሰይፍ ሲታዩ ያስፈራሉ፤ ግን ዘገምተኞች ናቸው። ጎራዴው በየ2.4 ሰከንዱ ሲመታ ረጅሙ ሰይፍ በየ3 ሰከንዱ፣ ባለ ሁለት እጁ በየ4.2 ሰከንዱ ነው። የተደመረው ምት ሲታይ ለልምምድ ጎራዴው ይበልጣል።

የብረቶቹ ደረጃ ነሐስና ብረት ከ1፣ አረብ ብረት ከ5፣ ሚትሪል ከ20፣ አዳማንት ከ30፣ ሩን ከ40 ነው። ሌቭላችሁ ከፍ ሲል ወዲያው ቀይሩ፤ ነሐስ ይዞ ሌቭል 25 የደረሰ ሰው ጊዜውን እየበላ ነው። ደግሞ ሦስቱን ሚዛን አስቡ፦ ሰይፍ ቀስተኛን ያሸንፋል፣ ቀስት አስማተኛን ያሸንፋል፣ አስማት ጥሩር የለበሰውን ያሸንፋል። አንድ ጭራቅ እምቢ ሲላችሁ ከመናደድ ስልቱን ቀይሩ።

ገንዘብ እንዴት ነው የሚገኘው?

ሰው የሚሰለቸውን ሥራ በመሥራት። ላምብሪጅ አጠገብ ያሉትን ላሞች ገድላችሁ ቆዳቸውን ሰብስቡ፤ ቆዳውን የሚፈልጉት የእጅ ሥራ ስኪል የሚያሳድጉ ባለጸጎች ናቸው። አል ካሪድ ያለው ቆዳ አልፊ አንዱን በ1 ሳንቲም ያለፋላችኋል። የዶሮ ላባም እንዲሁ ነው፤ ዓሣ አጥማጆች በሺዎች ይገዙታል። ቦርሳችሁ የሚይዘው 28 ዕቃ ብቻ ስለሆነ ከባንክ የራቀ ሥራ ጊዜውን በመንገድ ይጨርሰዋል፤ ላባ ግን ምንም ያህል ቢበዛ አንድ ቦታ ላይ ይደራረባል።

የምትሸጡት ቫሮክ ሰሜን ምዕራብ ባለው ግራንድ ኤክስቼንጅ ነው። የጌሙ መርካቶ በሉት፤ ልዩነቱ ገዢና ሻጭ ፊት ለፊት አለመገናኘታቸው ነው። እናንተ ዋጋ ትጽፋላችሁ፣ በዚያ ዋጋ የሚፈልግ ሲመጣ ይሸጣል። አንድ ዕቃ ሲሸጥ 2 በመቶ ግብር ይቆረጣል፤ በጣም ርካሽ የሆኑት ነጻ ናቸው። አዲስ የነጻ አካውንት ጥቂት ሰዓት ተጫውቶ፣ ጥቂት ክዌስት ሠርቶ፣ ሌቭሉ ተደምሮ እስኪያድግ ድረስ አንዳንድ ዕቃዎችን መሸጥ ይከለከላል፤ የተበላሸ ነገር የለም፣ ሮቦቶችን (በሰው ፈንታ የሚጫወቱ ፕሮግራሞችን) ለመከላከል የተደረገ ነው። እንዲሁም «ይህ ዕቃ ነገ ዋጋው ሊንር ነው፣ ግዙ!» እያለ ቻት ላይ የሚጮኸውን አትስሙ። እሱ ቀድሞ ገዝቶ ለእናንተ ሊሸጥ ነው።

ሞትኩ፤ ዕቃዬ ጠፋ ማለት ነው?

በጭራቅ ከሞታችሁ አይደለም። ውድ የሆኑት ሦስት ዕቃዎች እናንተ ጋር ይቀራሉ፣ የቀሩት የሞታችሁበት ቦታ ላይ በሚቆም የመቃብር ድንጋይ ውስጥ ለ15 ደቂቃ ይጠብቃሉ። ተረጋግታችሁ ምግብ ይዛችሁ ተመለሱ። ሰዓቱ ካለፈም ዕቃው ወደ ሞት ቢሮ ይሄዳል፤ ከዚያ በክፍያ ይወጣል። እንደ ደነገጡ ባዶ እጅ ወደዚያው ጭራቅ ሮጦ ሁለተኛ መሞት ከመጀመሪያው ይብሳል። በሌላ ሰው እጅ መሞት ግን ሕጉ ሌላ ነው።

ዊልደርነስ ምንድን ነው? ለምን ሁሉም ያስፈራራኛል?

ከቫሮክና ከኤጅቪል በስተ ሰሜን ያለው በረሃ ነው። እዚያ ሰው ሰውን ይገድላል፣ የያዘውንም ይወስዳል። ወደ ሰሜን በገባችሁ ቁጥር የበረሃው ሌቭል ይጨምራል፤ ቁጥሩ ደግሞ ማን ሊመታችሁ እንደሚችል ይወስናል። የውጊያ ሌቭላችሁ 30 ሆኖ የበረሃው ሌቭል 5 ላይ ከቆማችሁ፣ ከ25 እስከ 35 ያለ ሰው ሁሉ ሊያጠቃችሁ ይችላል። ሌቭል 20ን ካለፋችሁ የተለመደው ቴሌፖርት (በአስማት ከቦታ ቦታ መዝለል) አይሠራም፤ በአብዛኛው በእግር መሮጥ ነው።

አንድን ሰው ቀድማችሁ ከመታችሁ ከራሳችሁ በላይ የራስ ቅል ምልክት ይወጣል። ያ ምልክት እያለ የሞተ ሰው ሦስቱ ውድ ዕቃዎች እንኳ አይቀሩለትም። ደንቡ አጭር ነው፦ በረሃውን ለማየት ከፈለጋችሁ ብትገቡ ጥሩ ነው፣ የዓለሙ አንዱ ክፍል ነውና፤ ነገር ግን ቢጠፋ የማያስለቅሳችሁን ብቻ ይዛችሁ ግቡ።

አንድ ሰው «ገንዘብህን እጥፍ አደርጋለሁ» አለኝ። ልመነው?

አትመኑት። መጀመሪያ 1,000 ትሰጡታላችሁ፣ 2,000 ይመልሳል። 10,000 ትሰጡታላችሁ፣ 20,000 ይመልሳል። ያላችሁን ሁሉ ስትሰጡት ይሰወራል። ሌሎቹም የዚሁ ዘመዶች ናቸው፦ «ጥሩርህን በወርቅ ላስጌጥልህ»፣ «ዕቃህን መሬት ጣልና እነዚህን ቁልፎች ተጫን፣ ይባዛልሃል»፣ «ና ጥሩ ቦታ ላሳይህ» ብሎ ወደ በረሃው መምራት።

በዚህ የመጨረሻው ተይዣለሁ። ሦስት ሳምንት ያህል አብሮኝ ዓሣ ሲያጠምድ የነበረ ልጅ «ሰው የማያውቀው የማዕድን ቦታ አለ» ብሎ ወሰደኝ፤ ጓደኞቹ እዚያ ይጠብቁን ነበር። ያጠራቀምኩት የአዳማንት ዕቃ ሄደ። ከዕቃው ይልቅ ያመመኝ ያወራናቸው ሦስት ሳምንታት ናቸው። ስለዚህ ለጀማሪዎች ደጋግሜ የምነግራቸው፦ እውነተኛ ጓደኛ ዕቃችሁን ባንክ አስቀምጣችሁ እንድትመጡ ይነግራችኋል።

ስትለዋወጡ ሁለት ማረጋገጫ ገጽ አለ፤ ሁለተኛውን በእርጋታ አንብቡ። የሳንቲሙ ቀለምም ይናገራል፦ ከ100,000 በታች ቢጫ፣ ከዚያ በላይ ነጭ፣ 10 ሚሊዮን ሲሞላ አረንጓዴ ነው። «10 ሚሊዮን ሰጥቻለሁ» ብሎ ነጭ ቁጥር ያሳያችሁ ሰው ዋሽቷል።

አካውንቴን እንዴት ልጠብቅ?

የጃጌክስ ሠራተኛ የይለፍ ቃል በጭራሽ አይጠይቅም፤ በጌሙ ውስጥም በኢሜይልም። «አካውንትህ ሊዘጋ ነው፣ እዚህ ግባ» የሚል ኢሜይል ሌባ ነው። በታዋቂ ተጫዋች ስም «ስንብት ስጦታ» እያለ የሚያሰራጭ የቀጥታ ቪዲዮም እንዲሁ። የሚያደርሳችሁ ገጽ የእውነተኛውን መልክ የለበሰ ወጥመድ ነው።

ሦስት ነገር ዛሬውኑ አድርጉ፦ በስልክ የሚመጣ ሁለተኛ ማረጋገጫ፣ በጌሙ ውስጥ ላለው ባንካችሁ ፒን፣ ሌላ ቦታ ያልተጠቀማችሁበት የይለፍ ቃል። በኢንተርኔት ቤት ወይም በጓደኛ ኮምፒውተር የምትጫወቱ ከሆነ የባንክ ፒኑ ከሁሉ በላይ ነው፤ አካውንቱ ቢሰረቅ እንኳ ባንኩ ወዲያው አይከፈትም። ኮምፒውተር ላይ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ሩንላይት የተባለ ክላየንት (ጌሙን የሚከፍት ፕሮግራም) አለ፤ ጃጌክስ የፈቀደው ስለሆነ አትፍሩት፤ ግን ስሙን አስመስለው የሠሩ ሐሰተኛ ገጾች ስላሉ ከራሱ ገጽ ብቻ አውርዱ።

ጎልድ (የጌሙን ሳንቲም) በብር የሚሸጥልኝ ሰው አገኘሁ። ችግር አለው?

አለው። ከሌላ ሰው በእውነተኛ ገንዘብ ጎልድ መግዛት የጌሙ ሕግ የሚከለክለው ነው፤ አካውንት ያዘጋል። የምትገዙት ጎልድም ብዙ ጊዜ በሮቦት የተሰበሰበ ወይም ከሰው የተሰረቀ ነው። ሻጩ ብሩን ተቀብሎ ቢጠፋ ለማን ትከሳላችሁ? ያለ ድካም ኤክስፒ እንዲያመጣላችሁ ፕሮግራም ማስነሣትም በተመሳሳይ ያዘጋል፤ አንዴ የተዘጋን አካውንት ማስመለስ ደግሞ ከባድ ነው።

ታዲያ ከኢትዮጵያ ሆኜ ሜምበር እንዴት ልሁን?

በብር የሚሠራው የተለመደው የባንክ ካርዳችን ውጭ አገር ክፍያ ላይ በአብዛኛው አይሠራም። የውጭ ክፍያ የሚቀበል ካርድ ያለው ሰው በቀጥታ ይከፍላል። ለሌለው ግን ጌሙ ራሱ ሕጋዊ በር ከፍቷል፤ ስሙ ቦንድ ነው።

ቦንድ ማለት አንድ ተጫዋች በእውነተኛ ገንዘብ ከጃጌክስ ገዝቶ ግራንድ ኤክስቼንጅ ላይ በጎልድ የሚሸጠው ዕቃ ነው። እናንተ በጎልድ ገዝታችሁ ስትጠቀሙበት የ14 ቀን ሜምበርሺፕ ይሆናል። ዋጋው ሚሊዮኖች ስለሆነ ለጀማሪ የመጀመሪያው ቦንድ ተራራ ነው። አንድ ጊዜ ከወጣችሁት በኋላ ግን ይቀላል፤ የሜምበሮቹ ሥራ የሚያስገኘው ከነጻው ብዙ እጥፍ ነውና። ቦንዱን ከመክፈታችሁ በፊት ሁለቱን ሳምንት ምን እንደምትሠሩበት ጻፉ። ፈተና ወይም መስክ ያለባችሁ ወር ከሆነ ባንክ ውስጥ ይቀመጥ፤ አይበላሽም። በመጀመሪያው ቀን የፏፏቴውን ክዌስት ሥሩ። ምንም የውጊያ ሌቭል አይጠይቅም፣ ከ1 የጀመረን ሰው በጥቃትም በጉልበትም 30 ያደርሰዋል። ነገር ግን በመንገዱ ላይ ያሉት ግዙፎች በአንድ ሁለት ምት ሊጥሏችሁ ይችላሉ፤ ምግብ ያዙ፣ አትቁሙ።

በቅርቡ ምን አዲስ ነገር ወጣ?

ትልቁ ዜና መርከብ ነው። ኖቬምበር 19 ቀን 2025 የባሕር ጉዞ ስኪል ተከፈተ፤ ኦልድ ስኩል ከተከፈተ ወዲህ የመጀመሪያው አዲስ ስኪል ነው። ቁጥሩ ከ23 ወደ 24 ያደገው በዚህ ነው። ጀልባ ሠርታችሁ፣ አሳድጋችሁ፣ ቀድሞ ካርታው ላይ ሰማያዊ ቀለም ብቻ በነበረው ባሕር ትቀዝፋላችሁ። የሜምበሮች ነው። ከዚያ በፊት በማርች 2024 ቫርላሞር የተባለው ሰፊ የደቡብ ምዕራብ መንግሥት ተከፍቷል።

ስለ መርከቡ የምወደው አመጣጡን ነው። በ2023 ተጫዋቾች ከሦስት ሐሳቦች መካከል በድምፅ የመረጡት ነው፤ እንስሳ መግራትና የመንፈስ ጥበብ የነበሩት ሌሎቹ ወደቁ። በዚህ ጌም ትልቅ ለውጥ የሚገባው ተጫዋቹ ተጠይቆ 70 በመቶው ሲስማማ ነው። ቀድሞ 75 ነበር፤ በ2022 ወደ 70 ወረደ። 2012 ላይ ሳይጠየቅ የተቀየረበት ሕዝብ ያስከፈለው ዋጋ ነው ብዬ አምናለሁ። ማሻሻያ ብዙውን ጊዜ ረቡዕ ይወጣል፤ ያን ቀን ሰርቨሩ ለጥቂት ደቂቃ ቢዘጋ ስልካችሁን አትውቀሱ።

አይረንማን ሆኜ ልጀምር?

አይረንማን ከማንም የማይገዛ፣ ለማንም የማይሸጥ፣ የሚለብሰውን ሁሉ በእጁ የሚሠራ ተጫዋች ነው። ያምራል፤ እያንዳንዱ ዕቃ ታሪክ አለው። ግን ለመጀመሪያ አካውንት አልመክረውም፤ ለእኛ ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለ። አይረንማን ግራንድ ኤክስቼንጅ ላይ ቦንድ በጎልድ መግዛት ቢችልም ያፈራውን ዕቃ እዚያ ስለማይሸጥ ጎልዱን ማጠራቀም ይከብደዋል። ውጭ አገር የሚከፍል ካርድ ከሌላችሁ ሜምበር የመሆኛውን በር በገዛ እጃችሁ አጠበባችሁት ማለት ነው።

አብሮ አደግ ጓደኞች ካሏችሁ ከ2 እስከ 5 ሰው የሚሆንበት የቡድን አይረንማን አለ፤ ዕቃ የምትለዋወጡት እርስ በርስ ብቻ ነው። አንዱ ዓሣ፣ አንዱ ብረት፣ አንዱ መድኃኒት ሲይዝ እንደ ቤተሰብ ይሆናል።

«ቲክ» እያሉ የሚያወሩት ምንድን ነው?

ጌሙ የሚተነፍሰው በየ0.6 ሰከንዱ ነው፤ ያቺ እስትንፋስ ቲክ ትባላለች። እርምጃ፣ ምት፣ መብላት፣ ጸሎት ማብራት፣ ሁሉም በቲክ ይቆጠራል። ጎራዴው በየ2.4 ሰከንዱ ይመታል ያልኩት አራት ቲክ ስለሆነ ነው። በአንድ ቲክ ውስጥ ቀድማችሁም ዘግይታችሁም ብትነኩ ሰርቨሩ የሚፈጽመው በሚቀጥለው ቲክ ላይ ነው።

ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ኔትወርካችሁ ከአውሮፓ ተጫዋች በ0.2 ሰከንድ ቢዘገይ፣ በሌሎች የውጊያ ጌሞች ሞታችኋል፤ እዚህ ግን ብዙ ጊዜ በዚያው ቲክ ውስጥ ትደርሳላችሁ። ጎበዞቹ ተጫዋቾች የሚያደርጉት ከጣት ፍጥነት ይልቅ ዜማ መቁጠር ነው፦ የጭራቁን ምት አራት ቆጥረው፣ በአራተኛው ላይ ትክክለኛውን ጸሎት አብርተው፣ ወዲያው ያጠፉታል። ለመለማመድ ደካማ ጭራቅ ፊት ቁሙ፣ ድምፁን ክፈቱ፣ የምቱን ልዩነት በእግራችሁ ምቱ። ላሞቹ ዘንድ ግማሽ ሰዓት ይበቃል።